ሣር ለማሳጨድ ስንት ይከፈላል? ዋጋው በሄክታር ሳይሆን እንስሳው አፍ በሚደርሰው ኪሎ ይታሰብ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ አንድ የጅግጅጋ ነጋዴ ደወሉልኝ። ወደ በርበራ የሚልኳቸውን ሰንጋዎች ማቆያ ውስጥ የሚቀልቡበት ድርቆሽ ሊያዘጋጁ፣ የቆመ ሣር ገዝተው አጫጅ እያነጋገሩ ነበር። «ዶክተር፣ አንዱ በሄክታር ይህን ያህል አለኝ፣ ሌላው እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ዋጋ ጠራ። የትኛውን ልያዝ?» አሉኝ። «ሐጂ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሄክታር ስንት ኪሎ ድርቆሽ ያስገቡልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ያንን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አጫጆቹን አልጠየቁም።

ይህ የእሳቸው ብቻ ችግር አይደለም። ከብት ስንገዛ ሚዛን ላይ እናወጣለን፣ ጥርስ እናያለን፣ ጀርባ እንዳብሳለን። አጨዳ ስንገዛ ግን የተጠራውን ዋጋ ብቻ ሰምተን ቀብድ እንሰጣለን። የኳራንቲን ቀን በረዘመ ቁጥር ደግሞ ትርፉን የሚበላው ይኸው የመኖ ወጪ ነው። ስለዚህ የአጨዳ ዋጋ ከምን ከምን እንደሚሠራ፣ ሁለት አጫጆችስ እንዴት እንደሚነጻጸሩ ላስረዳ።

በቅድሚያ ስንት ያስፈልጋል?

ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ወደ 7.5 ኪሎ ደረቅ ቁስ ይፈልጋል። በደንብ የደረቀ ድርቆሽም ጥቂት ውኃ ስለሚይዝ፣ ይህ በሚዛን ሲወጣ 8.5 ኪሎ ድርቆሽ ይሆናል። 100 በሬ ለ21 ቀን ድርቆሽ ብቻ ቢበላ ወደ 18 ቶን ይጨርሳል። የሚረገጠው፣ የሚበተነውና ንፋስ የሚወስደው 15 በመቶ ነው ብንል 21 ቶን መያዝ ያስፈልጋል። በአጭሩ በቀን አንድ ቶን ማለት ነው። ፋጉሎ ወይም ፉርሽካ የሚጨምር ሰው ከዚህ ላይ ይቀንሳል። በግና ፍየል ከክብደታቸው አንጻር ከበሬ ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ስለሚበሉ፣ ለእነሱ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይታሰብ።

ይህን ቁጥር ሳይዙ አጫጅ ማነጋገር፣ የመንገደኛውን ቁጥር ሳያውቁ መኪና እንደመከራየት ነው።

የሚጠሩት ዋጋዎች ሦስት ዓይነት ናቸው

የመጀመሪያው የቀን ሠራተኛ ነው። በማጭድ ሲታጨድ አንድ ሄክታር እንደ ሣሩ ጥቅጥቅነትና እንደ ሠራተኛው እጅ አሥር ያህል የሰው ቀን ሊወስድ ይችላል። በቀን የሚከፈለው ሰው ለመፍጠን የሚገፋፋው ነገር የለም። ሆኖም ዝቅ አድርጎ፣ ድንጋዩን እየዞረ፣ እሾሁንና መርዛማ አረሙን እየለየ ሊያጭድ ይችላል። ድንጋያማና ተዳፋት በሆነ ቦታ ከዚህ የተሻለ አማራጭ ላይኖር ይችላል። ከዋጋው ላይ ግን ምግባቸው፣ ማደሪያቸውና የሚያስተባብራቸው ሰው አበል ይደመር።

ሁለተኛው በሄክታር የሚደረግ ቁርጥ ክፍያ ነው። በትራክተር የሚጎተት ማጨጃ ስፋቱ 1.6 ሜትር ሆኖ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መዞሪያውና መቆሚያው ተቀንሶ በሰዓት ከ0.8 ሄክታር ያላነሰ ያጭዳል። ፍጥነቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በሄክታር የሚከፈለው ሰው የሚጠቀመው ቶሎ ጨርሶ ወደ ሌላ ማሳ ሲሄድ ነው። ማጨጃውን ከፍ አድርጎ ካለፈ ድንጋይ አይነካውም፣ ነዳጅም ይቆጥባል፤ ሣሩ ግን መሬት ላይ ይቀራል። ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ላይ መታጨድ ሲገባው 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ከታጨደ፣ የሚጎድለው ጥቅጥቅ ያለው የታችኛው ክፍል ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች መውረድም አይጠቅም፤ አፈር ይቀላቀላል፣ ሣሩም መልሶ ለማቆጥቆጥ ይቸገራል።

ሦስተኛው በእስር ወይም በቤል የሚከፈል ነው። በኬንያ በኩል የሮደስ ሣር ድርቆሽ በሚሸጥባቸው አካባቢዎች የተለመደ ነው፤ በእኛም ማሰሪያ ማሽን ባለበት ሁሉ እየተለመደ መጥቷል። እዚህ ላይ የሚከፈለው ሰው የሚጠቀመው እስሩ በበዛ ቁጥር ነው። እስር ደግሞ የሚበዛው ሲያንስ ወይም ሲላላ ነው። 1,400 እስር ተረክበው እያንዳንዱ 15 ኪሎ ከሆነ 21 ቶን ገብቷል። 12 ኪሎ ከሆነ ግን የገባው 16.8 ቶን ብቻ ነው። 4.2 ቶን ጎደለ ማለት የ100 በሬ የአራት ቀን መኖ ጠፋ ማለት ነው። ቆጠራው ትክክል ሆኖ ሳለ መኖው አይበቃም።

ሦስቱም አከፋፈሎች የሚሠሩ ናቸው። ዋናው እያንዳንዱ አጫጁን ወዴት እንደሚገፋው ማወቅና ቁጥጥሩን እዚያ ላይ ማድረግ ነው። ለቀን ሠራተኛ ሰዓቱን፣ ለሄክታር ቁርጥ የአጨዳውን ከፍታ፣ ለእስር ቁርጥ ሚዛኑን መከታተል ይገባል።

ሁለት ዋጋ ሲነጻጸር

ቀጥሎ ያሉት የብር ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ በአካባቢዎ ዋጋ ይተኳቸው። የቆመው ሣር በሄክታር 10,000 ብር ተገዝቷል እንበል።

አንደኛው አጫጅ ለማጨድ ብቻ በሄክታር 5,000 ብር ጠየቀ። ማገላበጡ፣ መሰብሰቡና ማሰሩ በእርስዎ ሆኖ ሌላ 3,600 ብር ይወስዳል። ድምሩ 18,600 ብር ነው። ከፍ አድርጎ ስላጨደና የተበተነው ስላልተሰበሰበ የገባው ድርቆሽ 3,000 ኪሎ ነው። ኪሎው 6.20 ብር ወጣ።

ሁለተኛው ማጨዱን፣ ማገላበጡን፣ ማሰሩንና መከመሩን ጨምሮ በሄክታር 9,800 ብር ጠየቀ። ድምሩ 19,800 ብር ነው። ዝቅ አድርጎ አጭዶ በንጽሕና ስለሰበሰበ የገባው 3,600 ኪሎ ነው። ኪሎው 5.50 ብር ወጣ።

ሲጠራ እጥፍ ሊሆን የተቃረበው ዋጋ በኪሎ ሲታይ 70 ሳንቲም ረከሰ። ለ21 ቶን ሲሰላ ልዩነቱ 14,700 ብር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሣሩን የገዙት አንድ ጊዜ ነው፣ መሬት ላይ የቀረውም የተከፈለበት ነው። የቆመው ሣር በተወደደ መጠን ጥሩ አጫጅ የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመሬቱን ስፋት በባለ መሬቱ ወይም በደላላው ቃል አይውሰዱ። ጥማድ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ «ሁለት ሄክታር ነው» የተባለውም አንድ ተኩል ሊሆን ይችላል። በስልክ ጂፒኤስ ዙሪያውን መራመድ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

በደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ወጪ ቀኑ ነው

ሣር ማበብ ሲጀምር ከታጨደ የፕሮቲን መጠኑ ከ8 እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ዘሩን ካራገፈና ቢጫ ከሆነ በኋላ ወደ 4 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከ7 በመቶ በታች ሲሆን በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ሣሩን የሚፈጩ ረቂቅ ሕዋሳት ምግብ ያንሳቸዋል። ከብቱም ሆዱ ሞልቶ እያለ ይከሳል።

ይህ በገንዘብ ምን ማለት ነው? የዘገየ ድርቆሽ ብቻ የሚበላ በሬ በቀን 300 ግራም ቢቀንስ፣ በ21 ቀን 6.3 ኪሎ ነው። ለ100 በሬ 630 ኪሎ ይሆናል። ሁለት በሬ ከነሙሉ ክብደታቸው ጠፉ ማለት ነው። ሐኪም አላያቸውም፣ ሌባ አልወሰዳቸውም፤ ያጠፋቸው የአጫጅ ተራ መጠበቅ ነው።

በደጋው፣ በሱሉልታና በሰላሌ ዙሪያ፣ ዝናቡ ከወጣ በኋላ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል። አጫጅና ትራክተር የሚወደደው ያን ጊዜ ነው። በነሐሴ ቀብድ ሰጥቶ ቀን የያዘና በጥቅምት ደላላ የሚፈልግ ሰው እኩል አይከፍሉም። ዋጋው እኩል ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ተራው የሚደርሰው ሣሩ ካረጀ በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የዓረፋ ገበያ በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 9፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ዋለ። በጥቅምት የታጨደ ድርቆሽ ለዚያ ገበያ እስኪደርስ ሰባት ወር ያህል መቀመጥ አለበት። ስለዚህ አጨዳ ሲገዙ ማድረቁንና መከመሩንም አብረው እየገዙ ነው። እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚከመር ድርቆሽ ለሻጋታ ይጋለጣል። በጣም እርጥብ ሆኖ ከታሰረ ደግሞ ከውስጥ ይግላል፣ እሳት እስከማስነሣትም ይደርሳል። መፈተኛው ርካሽ ነው። ደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ የተቆራረጠ ድርቆሽና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ጥቂት ደቂቃ ይነቅንቁ። ጨው ከተጓጎለ ድርቆሹ ገና ነው፤ እንደ ነበረ ከቀረ ሊታሰር ይችላል።

የማሰር ጥቅሙ በጭነት ላይ ይታያል

ልቅ ድርቆሽ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 60 ኪሎ፣ የታሰረው ወደ 120 ኪሎ ነው እንበል። ጎኑ ከፍ ያለና 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ አይሱዙ ልቁን 1.2 ቶን፣ የታሰረውን 2.4 ቶን ይጭናል። ለ21 ቶን አንዱ 18፣ ሌላው 9 ጉዞ ነው። ወደ ቶጎ ጫሌ ወይም ወደ ጋላፊ የሚሄድ ሰው የማሰሪያ ዋጋ ተወደደ ከማለቱ በፊት ይህን ያስላ። ማቆያው ማሳው አጠገብ ከሆነ ግን ልቁን መከመር ሊረክስ ይችላል። ድርቆሹ ድንበር የሚሻገር ከሆነም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል ከመጫን በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

የሣሩ ባለቤት ማነው?

በአርብቶ አደሩ አካባቢ ይህ ጥያቄ ከአጨዳው ዋጋ ይቀድማል። በቦረና ካሎ ተብሎ የሚከለለው ሣር ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች የተቀመጠ ነው። አንድ ሰው «የኔ ነው» ብሎ ስለሸጠ ብቻ ማሽን ማስገባት ጠብ ይጠራል። ከሽማግሌዎቹ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ፣ ምን ያህል እንደሚታጨድና ምን ያህል እንደሚቀር ተስማምቶ፣ በምስክር ፊት መክፈል የአጨዳው ወጪ አካል ነው። ይህን የዘለለ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከብት ሊገዛ ሲመለስ ግን ያገኘዋል።

ውሉ ላይ ምን ይግባ?

ረጅም ውል አያስፈልግም። አንድ ገጽ ወረቀትና ሁለት ምስክር ይበቃል። በላዩ ላይ የሚከተሉት ይኑሩ፦

• የተለካው የመሬት ስፋትና አጨዳው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን
• የአጨዳው ከፍታ፣ ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር
• የእስሩ አማካይ ክብደት፤ ከየመቶው እስር አሥሩ ተመዝነው ክፍያው በዚያ ይስተካከላል
• ማገላበጥ፣ መሰብሰብ፣ ማሰር፣ መከመር እያንዳንዱ የማን እንደሆነ
• ገመዱና ነዳጁ የማን እንደሆነ
• ከታጨደ በኋላ ዝናብ ቢመታው ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም
• የክፍያው አንድ ሦስተኛ ክምሩ ተመዝኖና በጨው ተፈትኖ ሲያልቅ የሚከፈል መሆኑ

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ሙሉ ገንዘቡን በቅድሚያ የተቀበለ አጫጅ ክምሩን ለማየት የሚመለስበት ምክንያት የለውም።

መጠኑንም ከሚያስፈልገው በላይ ያዙ። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት በ2000 እ.ኤ.አ. በቀንዱ አካባቢ ከብት ላይ የጣለችው እገዳ፣ ለሶማሊያ ከብት የተነሣው በ2009 እ.ኤ.አ. መሆኑን በዕድሜ የገፉት አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ያን ያህል የሚረዝም እገዳ በድርቆሽ አይመከትም። የመርከብ መዘግየት፣ የደም ምርመራ ውጤት መጠበቅ፣ የወረቀት ጉድለት ግን በየዓመቱ አንድ ሳምንት ይወስዳሉ። ለ21 ቀን የሚያስብ ሰው የ28 ቀን ድርቆሽ ቢይዝ፣ ያ ሳምንት ሲመጣ ወደብ ላይ በተጠራው ዋጋ መኖ ከመግዛት ይድናል። ከተረፈውም ደርቆ የተከመረ ድርቆሽ ለሚቀጥለው ጭነት ይሆናል።

የጅግጅጋው ነጋዴ በመጨረሻ ውድ የተባለውን አጫጅ ያዙ። በጥር ሲደውሉ ስለ ዋጋው አላነሡም፤ የጠየቁኝ ለዘንድሮው መቼ ቀብድ መስጠት እንዳለባቸው ነበር። «ነሐሴ ሳያልቅ» አልኳቸው።