ስንጥቁ ላይ ማን ይጎትታል?

ኮንክሪት ለመጨመቅ ብርቱ ነው፤ ሲጎተት ግን የመጨመቅ አቅሙን አንድ አሥረኛ ገደማ ቢችል ነው። ፌሮ የምንቀብርበትም ለዚሁ ነው። ይህን የማያውቅ የለም፣ እንለፈው።

እኔ የምወዳት ስሟ ብዙ የማይነሳውን አጭሯን የብረት ክር፣ ፋይበሯን ነው። ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊሜትር፣ ጫፎቿ ቆልመም ያሉ። ኮንክሪቱ እስኪሰነጠቅ የረባ ሥራ የላትም። ስንጥቁ ሲከፈት ግን ወዲያና ወዲህ ይዛ ትቀራለች፤ የተቆለመመው ጫፏ እየተቃና በግድ ተጎትታ ትወጣለች። ጉልበቷ ያለው እዚያ ግብግብ ላይ ነው። (ሚክሰር ውስጥ በአንዴ ዘርግፈው የሚያድቦለቡሏትን ሌላ ቀን እንወቅሳቸዋለን።)

ዛሬ የሚያናድደኝ ስሌቱ ነው። ፋይበርና ፌሮ አብረው ሲገቡ፣ ብዙ ሰው ፋይበር የሌለውን አርማታ ያሰላና የፋይበሯን ጉልበት ከላይ ይደምርበታል። አይደመርም!

መሃሉ ላይ ባለ 16 ፌሮ ያለበት፣ 100 በ100 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ ስንጎትት 28 ኪሎኒውተን ላይ ተሰነጠቀ እንበል። ፋይበር ከሌለ ስንጥቁ ላይ ፌሮው ብቻውን ይቀራል፤ ውጥረቱ 140 ሜጋፓስካል ገደማ ይደርሳል። ፋይበሮቹ 1.5 ሜጋፓስካል ከያዙ ግን 15 ኪሎኒውተን ያህሉን እነሱ ያሻግራሉ፣ ፌሮውም 66 ላይ ይቆማል።

አሁን በሁለት ስንጥቆች መካከል ወዳለው ኮንክሪት እንሂድ። ይህ ኮንክሪት ዳግም ሳይሰነጠቅ የሚችለው 25 ኪሎኒውተን ገደማ ነው። ያለ ፋይበር 25ቱንም የሚቀበለው ከተጣበቀው ፌሮ ነው። ከፋይበር ጋር ግን 15ቱ ስንጥቁን ተሻግሮ ስለመጣለት፣ ፌሮው የሚያስረክበው 10 ብቻ ይሆናል፤ ያም በአጭር ርቀት ስለሚሞላ ስንጥቆቹ ይቀራረባሉ። ሁለቱን እንዳለ የደመረ ሰው እንግዲህ ኮንክሪቱን 40 አሸክሞታል። ሊ፣ ቾ እና ቬኪዮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሞዴል የፌሮውን ድርሻ ፋይበሩ በበዛ ቁጥር የቀነሱት ያለ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ፌሮው ስስ ከሆነ፣ እጅ ከሰጠ በኋላ መለጠጡ ፋይበሮቹ ደከም ባሉበት አንድ ስንጥቅ ላይ ይከማቻል፤ ሌሎቹ ገና ስለተያዙ አይከፈቱም። ዘንጉ ፋይበር ከሌለው ወንድሙ ያነሰ ተለጥጦ ፌሮው ሊበጠስ ይችላል። በአማካይ ውጥረት ብቻ የሚሄድ ሶፍትዌር ይህን አያሳያችሁም፤ ስንጥቁን ለብቻው አስሉት።