የፈሰሰ ባሩድ እንዴት ይጠረጋል?

አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስበው ጥይታቸውን ቤታቸው የሚሞሉ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች አሉ። ቀለሁ ይጸዳል፤ አዲስ መለኮሻ ቂጡ ላይ ይሰካል፤ ባሩዱ ተመዝኖ ይጨመራል፤ በመጨረሻ አረሩ አፉ ላይ ይገጠማል። እጅ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ጥቂት ፍሬ ባሩድ ጠረጴዛው ላይ መፍሰሱ አይቀርም።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 መንገዱን ከፈተለት፤ ዋና ንጥረ ነገሩም ናይትሮሴሉሎስ ነው። ተበትኖ ሳለ እሳት ቢነካው ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ታፍኖ ሲቀጣጠል ግን ጋዙ መውጫ ያጣና ያለበትን ዕቃ ይበረግዳል። ከሰል፣ ድኝና ፖታሲየም ናይትሬት የሚቀላቀሉበት ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ቁጡ ነው።

ስለዚህ የፈሰሰ ባሩድ በቫኪዩም ማሽን ፈጽሞ አይሳብም። የሞተሩ ካርቦን ሲፋተግ ብልጭታ ያወጣል። በፕላስቲክ ቱቦው ውስጥ የሚሮጠው ፍሬም ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ማጠራቀሚያው ደግሞ ዝግ ነው። ነዳጅ፣ ብልጭታና አፈና አንድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። በቅድሚያ ሲጋራም ሆነ ማሞቂያ ካለ ይጥፋ፤ የባሩዱ ቆርቆሮም ይከደን። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰቡ ወደ ማፈሻ ማስገባት ነው። የጠረጴዛው ስንጥቅና የሚዛኑ ሥር አይረሳ። ምንጣፍ ፍሬውን ስለሚደብቅ ሥራው ባዶ ወለል ላይ ቢሆን ይመረጣል። መለኮሻ ከወደቀ በጣት ይነሳ እንጂ አይረገጥ፤ የሚፈነዳው በምት ነውና።

የተጠረገው ባሩድ ወደ ቆርቆሮው አይመለስም። አቧራ ወይም ሌላ ዓይነት ባሩድ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። መልካቸው የሚመሳሰል ባሩዶች የሚነዱበት ፍጥነት ይለያያል፤ ቅልቅሉ ጠመንጃ ሊያፈነዳ፣ ተኳሹንም ሊጎዳ ይችላል። አወጋገዱን በተመለከተ የአምራቹን መመሪያ መከተል፣ ካላወቁም የአካባቢውን የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ብሩሽና ማፈሻ ከሚዛኑ ጎን ይቀመጡ። የፈሰሰውም ሥራው እስኪያልቅ አይጠብቅ፤ ወዲያውኑ ይጠረግ።