የበለዘ ጥርስ በሐኪም ሲነጣ

ከአቃቂ ቃሊቲ ተነስቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የሚወርደው መንገድ ስምጥ ሸለቆ ያስገባል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቋሚ ጥርሱ ገና መንጋጋው ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ፣ በተለይ እስከ 8 ዓመቱ፣ ያን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ቀለም ይዞ ይበቅላል። ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ልጅን ማሳፈር ትልቅ በደል ነው።

ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና ትምባሆ ከላይ የሚያስይዙት ቀለም ሌላ ነው፤ አብዛኛው ቀለም ሐኪም ጥርሱን ሲያጥብ ይለቃል። የቀረው በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይነጣል። ሐኪሙ በመጀመሪያ የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ያክማል፣ ድዱን ይሸፍናል፣ ከዚያ መድኃኒቱን ይቀባል፤ መድኃኒቱ ወደ ኢናሜሉ፣ ማለትም ወደ ጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ዘልቆ ቀለም የሚሰጡትን ሞለኪውሎች ይሰባብራል። ለቤት የሚሰጠው 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የሚያወጣው 3.5 በመቶ ያህል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብቻ ስለሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ቢጠዘጥዝ የተለመደ ነው። ሙሌትና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይነጡም።

በፍሎራይድ የበለዘ ጥርስ ግን በማንጣት ብቻ እምብዛም አይስተካከልም፤ ነጩ ነጠብጣብ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። በጣም ለጠቆረው የኢናሜሉን ገጽ በስሱ መፋቅ ወይም ሽፋን ማልበስ ይሻላል። በሎሚና በከሰል መፈተግ ፈጽሞ ይቅር፦ ኢናሜል አንዴ ከተበላ አይተካም፤ ከሥሩ ያለው ቢጫ ደንቲን እየታየ ጥርሱ ከበፊቱ ይልቅ ይበልዛል።