ስለ ጓሳ ሣር ጠባይና አያያዝ

በደጋ አገር ለሚሾሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሚቀርቡላቸው አቤቱታዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነው። አመልካቹ፥ በተራራው ራስ ላይ ያለው ሜዳ ሣር ብቻ የበቀለበት ጠፍ መሬት ነውና ይሰጠኝ፥ ገብስ ልዝራበት ይላል። ነገሩም ሲሰሙት ቀና ነው፤ ልጆች ያሉት ሰው መሬት ቢለምን ነውር የለበትምና። ነገር ግን ሹሙ ሜዳውን ከሩቅ አይቶ፥ ጎጆም ማሳም ስለሌለበት በእውነት ጠፍ ነው ብሎ በማኅተሙ ቢያጸና፥ በአንድ ቀን የፈረሰውን በብዙ ዓመት ሊመልሰው አይችልም። ስለ ምን ቢሉ፥ ያ ሣር ጓሳ የሆነ እንደ ሆነ ሜዳው ጠፍ አይደለም፤ የታችኛው አገር የውኃ ጎተራ፥ የመንደሩም የቤት ክዳንና የክፉ ቀን መኖ ነው እንጂ። ስለዚህ በመሬት ጉዳይ የሚፈርድ ሰው ሁሉ የዚህን ሣር ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ስሙና ወገኑ

ጓሳ የሚለው ስም ለአንድ ዓይነት ሣር ብቻ የተሰጠ አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት ፌስቱካ ብለው ከሚጠሩት ወገን የሆኑ፥ በኢትዮጵያ ደጋና ውርጭ እጅብ እያሉ የሚበቅሉ ሣሮች በአገሬው አፍ ጓሳ ይባላሉ። የፌስቱካ ወገን በዓለም ላይ ከ400 የሚበልጥ ዓይነት አለው፤ የሚበዛውም የሚገኘው ብርድ ባለበት አገር ነው። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው አገዳ ወይም ገለባ ማለት ነው፤ በላቲኑ ወንጌል በወንድም ዓይን ውስጥ ያለው ጉድፍ የተጠራበትም ቃል ይኸው ነው። ከኢትዮጵያ ጓሳዎች አንዱ ፌስቱካ ማክሮፊላ ይባላል፤ ማክሮፊላ በግሪክ ቋንቋ ባለ ትልቅ ቅጠል ማለት ነው። ይህም ስም የታተመው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ጽፎ በፓሪስ ባሳተመው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1851 በተፈጸመው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ጓሳ በዘመድነት ለገብስና ለስንዴ የቀረበ ነው፤ ጤፍ ግን ከሌላው፥ ሙቀት ከሚወደው የሣር ነገድ ነው። ስለዚህ ጤፍ በማይደርስበት፥ ገብስም በውርጭ በሚመታበት ከፍታ ላይ ጓሳ ሳይደነግጥ ይኖራል።

ከቄጠማ የሚለይበት

እርጥበት ባለበት መሬት ላይ ጓሳና ቄጠማ አጠገብ ላጠገብ ስለሚበቅሉ፥ ያልለመደ ሰው ሁለቱን ሊያሳስት ይችላል። መለያው ቀላል ነው። የቄጠማን አገዳ በጣት መካከል ቢያንከባልሉት ሦስት ጠርዝ ያለው ሆኖ ይገኛል፤ ውስጡም ድፍን ነው፥ አንጓም አይታይበትም። የጓሳ አገዳ ግን ድቡልቡል ነው፤ በአንጓና በአንጓ መካከልም እንደ ገብስ አገዳ ክፍት ነው። ውኃ ዘወትር በሚተኛበት ረግረግ ቄጠማ ይበረታል፤ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ውኃው ቀስ እያለ በሚወርድበት ተዳፋትና ሜዳ ደግሞ ጓሳ ይበረታል። ስለዚህ ሁለቱን የሚለይ ሰው የመሬቱን ውኃ ሳይቆፍር ሊያውቀው ይችላል።

ሥሩ፥ እግሩና ቅጠሉ

ጓሳ ከዓመት ዓመት የሚኖር ሣር ነው። ገብስ ፍሬውን ከሰጠ በኋላ ከነሥሩ ይሞታል፤ ጓሳ ግን ዘለላ ያወጣው አገዳ ብቻ ሲደርቅ ሌሎች ቀንበጦች ከአጠገቡ ይተኩታል። እንዲህ እየተተካካ የሚኖረው ዕቅፍ ሙሉ ሣር አንድ እግር ጓሳ ይባላል። አዲሱ ቀንበጥ ከአሮጌው ጎን ተጠግቶ ስለሚወጣ፥ ጓሳ እንደ ሰርዶ በምድር ላይ እየተሳበ አይሄድም። ሰርዶ ቢነቀል ከቀረው ቅራፊ ሥር ይሰዳል፥ ክፍቱንም ቦታ ፈጥኖ ይሸፍናል፤ አንድ እግር ጓሳ የተነቀለበት ቦታ ግን ለብዙ ዘመን ክፍት ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ምክር ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ሥሩ እንደ ዛፍ ሥር አንድ ወፍራም ግንድ ያለው ሳይሆን እንደ ክር የቀጠነና የበዛ ነው፤ አፈሩንም እንደ መረብ አድርጎ ይይዘዋል። የሚያድግበት የሣሩ ልብ በቅጠሉ ጫፍ ሳይሆን ከታች፥ ከምድር ጋር በተያያዘበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ ከላይ ቢያጭዱት ቅጠሉ ከታች እየተገፋ ያድጋል፤ ከልቡ በታች ቢቆርጡት ግን ይሞታል። ማጭድና ዶማ አንድ ሣር ላይ ሲያርፉ ሥራቸው የተለያየ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅጠሉ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ በደረቅ ጊዜ ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ እንደ ገመድ ይሆናል። እንዲህ ሲጠቀለል ነፋስና ፀሐይ እርጥበቱን አይሰርቁበትም። አበባው በዘለላ ላይ የሚወጣ፥ ቀለም የሌለው ነው፤ የሚያዳቅለውም ነፋስ እንጂ ንብ ስላልሆነ ጌጥ አላስፈለገውም።

ብርድን የሚችልበት ብልሃት

በደጋው ራስ ላይ ቀኑ ፀሐይ፥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በበጋ ሌሊት ምድሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ በጥዋት ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ወዲያው ይሞቃል። እንዲህ ያለው መገለባበጥ ለለጋ ቀንበጥ ሞት ነው። ጓሳ ግን ያረጁ ቅጠሎቹን ፈጥኖ አያራግፍም፤ በእግሩ ዙሪያ እንደ ካባ ተጠቅልለው ይቆያሉ። በዚህ ካባ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት እንደ ውጭው አይቀዘቅዝም፥ ቀንም እንደ ውጭው አይግልም፤ ለጋው ቀንበጥም በመካከል ተጠልሎ ያድራል። እንግዲህ ደረቁን ቅጠል ሞቶ የቀረ ትርፍ ነው ብሎ በየዓመቱ በእሳት ማንደድ፥ በውርጭ ሌሊት ከሕፃን ላይ ልብሱን እንደ መግፈፍ ነው።

ለውኃ ያለው ጥቅም

ዝናብ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ አፈሩን ይዞ በአንድ ሰዓት ወደ ገደሉ ይሮጣል። በጓሳ ላይ ሲወርድ ግን አስቀድሞ በቅጠሉ ይመታል፥ ኃይሉም ይሰበራል፤ ከዚያም በደረቁ ቅጠል ውስጥ እየተንጠባጠበ ወደ ሥሩ ይገባል። የበሰበሰው ቅጠልና ሥር ለብዙ ዘመን ሲጠራቀም አፈሩን ጥቁርና ልስልስ አድርጎታልና፥ ውኃውን ጠጥቶ ይይዛል፥ በበጋም ጥቂት በጥቂት በምንጭ ይለቀዋል። በቆላው ያለ ገበሬ በመጋቢት ወር የሚቀዳው ውኃ በነሐሴ ወር በማያውቀው ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ ነው። ላይኛው አገር ሲታረስ ታችኛው አገር የሚጠማው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱም በተለያየ ወረዳ ሥር የሆኑ እንደ ሆነ ደግሞ አራሹ ከአንዱ ሹም ዘንድ፥ የተጠማው ከሌላው ዘንድ ይጮኻል፥ የነገሩም ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል።

የመንዝ ጓሳ ታሪክ

ለዚህ ነገር በኢትዮጵያ የሚጠቀሰው ዋና ምሳሌ በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ነው። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ፥ በምሥራቅ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ይገኛል። ከእርሱ የሚነሣው ውኃ ገሚሱ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፥ ገሚሱም ወደ አዋሽ በኩል ይወርዳል። በሣሩ ውስጥ ጭላዳ ዝንጀሮ ይሰማራል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም በሣሩ ሥር የሚኖሩትን አይጦች እያደነ ይኖራል።

የመንዝ ሰው በጓሳ ቤቱን ይከድናል፥ ገመድ ይገምዳል፥ መጥረጊያና ጅራፍ ይሠራል፤ እረኛው በዝናብ ጊዜ የሚደርበውን ገሳም ከእርሱ ይሠራል። ይህን ሁሉ ጥቅም ለማቆየት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፥ በትውፊት አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት አባቶች የሚወለዱት ባለ ድርሻዎች ሜዳውን በሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሕዝቡ አለቃ ይመርጣል፤ አለቃው ሜዳውን ሲዘጋ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም ሰው ሳያጭድበት፥ ከብትም ሳይገባበት ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጸና በበጋው ልብ ይከፈታል፤ ሰው አስቀድሞ ያጭዳል፥ ከብትም ኋላ ይገባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ይወጣል። በዘመኑ የዕፅዋት ትምህርት የሌላቸው ሰዎች የሠሩት ይህ ሥርዓት ከላይ ከተነገረው የሣሩ ጠባይ ጋር በሙሉ ይስማማል፤ ሣሩን ለብዙ ትውልድ አይተውት ነበርና።

በ1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ የሚያደርገው አዋጅ በወጣ ጊዜ የባለ ድርሻነቱ መብት ቀረ፥ አለቃውም ሥልጣኑን አጣ። መብቱ ቀድሞ ድርሻ ያልነበረው ድኻም እንዲጠቀም ማድረጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በፈረሰው ጥበቃ ፈንታ ሌላ ጥበቃ ስላልቆመ ሁሉም እንደ ወደደ ገባበት፥ ሜዳውም ተጎዳ። ኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች ከየመካከላቸው ሰዎችን መርጠው ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋሙ፤ ዛሬም ሥፍራው በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ጥብቅ ቦታ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፥ ሥርዓት የማይገባ ሆኖ ሊለወጥ ይችላል፥ ነገር ግን የሚተካው ሳይዘጋጅ ሊፈርስ አይገባውም የሚል ነው።

ጓሳን የሚያጠፋው ምንድር ነው

የመጀመሪያው ማረሻ ነው። ጥቁሩ አፈር በተገለበጠ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገብሱ መልካም ይሆናል፤ ይህም ሰውን ያታልላል። የተጠራቀመው የብዙ ዘመን ብስባሽ ሲያልቅ ግን ፍሬው ይቀንሳል፥ ውርጭም ይመታዋል፥ የተዳፋቱም አፈር በጎርፍ ይሄዳል። ሁለተኛው ያለ ጊዜው ማጨድ ነው፤ በየዓመቱ ዘሩን ሳይጥል የሚታጨድ ሣር ሥሩን የሚመግብበት ቅጠል ያጣል። ሦስተኛው በክረምት ከብት ማስገባት ነው፤ እርጥቡ ምድር በኮቴ ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፥ የሣሩም ልብ ይቀጠቀጣል። አራተኛው ተደጋጋሚ እሳት ነው። ሣሩ በሳሳበት ቦታ ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ይገባል፥ የሣሩንም ሥፍራ ይወርሳል።

የአገር አስተዳዳሪ ሊያደርግ የሚገባው

አቤቱታ የቀረበለት ሹም ከሁሉ በፊት ወደ ሜዳው ወጥቶ በእግሩ ይመልከት። አንድ እግር ጓሳ በሁለት እጁ ከፍቶ ይይ፤ በመካከሉ ለጋ ቀንበጥ፥ በዙሪያው አሮጌ ቅጠል ከተገኘበት ሣሩ ደኅና ነው። መካከሉ የተቀጠቀጠ፥ በእግርና በእግር መካከልም ራቁት አፈር የሚታይ ከሆነ ሜዳው ዕረፍት ይሻል፥ ሊዘጋም ይገባዋል። ቀጥሎም በሥሩ ያሉትን ምንጮች ይጠይቅ፤ በበጋ የማይደርቁትን የሚያውቁ ሽማግሎች በየመንደሩ አሉ።

ሜዳው የሚከፈት እንደ ሆነ፥ ማጨድ ሣሩ ዘሩን ከጣለ በኋላ በበጋ ይሁን፤ አጫጁም ማጭዱን ከምድር አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ይያዝ እንጂ እየነቀለ አይውሰድ። የሁሉ ድርሻ በቤተ ሰብ ቁጥር ይለካ እንጂ በከብት ብዛት አይለካ፤ ብዙ ከብት ያለው ሰው ብቻ የሚጠቀምበት መዝጋት በድኻው ላይ የተጣለ ግብር ይሆናልና። ጠባቂዎቹም ከሕዝቡ በሕዝቡ ይመረጡ። የሹሙ በሬ በተዘጋ ሜዳ የተገኘ እንደ ሆነ የሌላው ሰው በሬ የሚቀጣውን ይቀጣ፤ ይህ ከቀረ ሌላው ትእዛዝ ሁሉ ከንቱ ነው።

የተራቆተውን ቦታ መመለስ ለሚወድ ደግሞ መንገዱ እንዲህ ነው። ክረምት ሲገባ ከደኅናው ሜዳ ጥቂት እግር ጓሳ ከነሥሩና ከነአፈሩ አንሥቶ፥ እያንዳንዱን በቢላዋ ወይም በእጅ ቀንበጥ ቀንበጡን ይከፍላል፤ ከዚያም ተዳፋቱን አግድም በሚያቋርጥ ተርታ ይተክላል። የተተከለው ሥር እስኪይዝ ድረስ ከብት ሊደርስበት አይገባም።

መሬት የለመነውን ሰው በተመለከተ፥ ሜዳው ጓሳ ስለሆነ አይታረስም ብሎ በባዶ እጅ መስደድ ፍርድ አይደለም። የሚታረስ ቦታ በታች ያለ እንደ ሆነ ይፈለግለት፤ ከሌለም በሜዳው ድርሻ ውስጥ ይጻፍ፥ በጥበቃውም ሥራ ይግባ። እንዲህ የተደረገለት ሰው ነገ በሌሊት ማረሻ ይዞ ወደ ሜዳው አይወጣም፤ ሌላውም ሲወጣ ዝም ብሎ አያየውም።