ቆሻሻ ማስለቀም አገልግሎት አያስተምርም
ስለ ተማሪዎችና የማኅበረሰብ አገልግሎት አምስት ተረቶችና እውነታዎች

ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪዎች ችግኝ ይተክላሉ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ስለ ሠራ ብቻ የአገልግሎትን ዋጋ ያውቃል ማለት አይደለም። ዋጋውን የሚያውቀው ሥራው ማንን እንደሚጠቅም ሲያይ፣ ምን ይሠራ በሚለው ላይ ሐሳቡ ሲጠየቅና ሲጨርስ ስላየው ነገር ሲነጋገር ነው። ወላጆችም መምህራንም በቅን ልብ የምንደጋግማቸው አምስት አባባሎች ግን ከዚህ ያርቁናል።

ተረት 1፦ «ገና ልጆች ናቸው፤ ማገዝን ሲያድጉ ይማሩታል።»

እውነታ፦ ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ የ18 ወር ሕፃናት ዕቃ ወድቆበት ሊደርስበት ላቃተው እንግዳ ሰው አንስተው ሲያቀብሉት ታይተዋል። ያዘዛቸውም ያመሰገናቸውም አልነበረም። በየቤታችንም «እኔ ላምጣ፣ እኔ ልያዝ» የምትል ሕፃን አለች፤ «ተይ፣ ትሰብሪዋለሽ» እየተባለች ታድግና በ15 ዓመቷ «ለምን አታግዢም?» ተብላ ትወቀሳለች። ፍላጎቱ ቀድሞም ነበረ፤ የትምህርት ቤት ድርሻ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ለአዲስ ገቢ ልጅ የውሃ ቧንቧውንና ሽንት ቤቱን ሊያሳይ ይችላል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ታናናሾቹን ፊደል ማስቆጠር አያቅተውም።

ተረት 2፦ «ሽልማት ከሌለው ማን ይሠራል?»

እውነታ፦ ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ ፈትነዋል። ስላገዙ መጫወቻ የተሰጣቸው የ20 ወር ሕፃናት በኋላ ያገዙት፣ ምስጋና ብቻ ካገኙትም ምንም ካልተሰጣቸውም ያነሰ ነበር። ሰርተፊኬትና ተጨማሪ ማርክ የሥራው ምክንያት ከሆኑ፣ በቀሩ ዕለት ሥራውም ይቀራል። ይልቅ ቤታቸው የታደሰላቸው እናት የክረምቱ ዝናብ እንዴት እንዳለፈላቸው ለተማሪዎቹ ራሳቸው ቢነግሯቸው፣ ልጆቹ የድካማቸውን ፍሬ ከባለቤቷ አፍ ይሰማሉ።

ተረት 3፦ «አርፋጅና ረባሽ ቆሻሻ ይልቀም፤ ግቢው ይጸዳል፣ ልጁም ሥራ ይለምዳል።»

እውነታ፦ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ በየጠዋቱ ስለሚታይ እንደ ስሕተት እንኳ አይቆጠርም። ጓደኞቹ እያዩት ላስቲክና ወረቀት የሚለቅም አርፋጅ የሚማረው፣ ጽዳት ያጠፋ ሰው የሚሠራው ሥራ መሆኑን ነው። በመስኮት የሚያዩትም ያንኑ ይማራሉ። ዓርብ ዕለት «የጽዳት ዘመቻ አለ፤ ሁላችሁም ውጡ» ሲባሉ «ምን አጠፋን?» ቢሉ ልንወቅሳቸው አንችልም። ግቢውን በየዕለቱ የሚያጸዱት ሠራተኛስ በልጁ ዓይን ምን ሆነው ይታያሉ? በጃፓን ትምህርት ቤቶች ክፍሉንና መተላለፊያውን ተማሪዎች በየዕለቱ በቡድን ተከፋፍለው ያጸዳሉ፤ በብዙዎቹ መምህራንም አብረዋቸው መጥረጊያ ይይዛሉ። እዚያ ጽዳት የጎበዙም የሰነፉም ተራ ነው። ላረፈደ ልጅ ሌላ የሥነ ሥርዓት እርምጃ ይፈለግለት እንጂ አገልግሎት መቅጫ አይሁን።

ተረት 4፦ «ግዴታ ከሆነ ይለምዱታል፤ ዋናው ሰዓቱ መሙላቱ ነው።»

እውነታ፦ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ አገልግሎትን ለሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ግዴታ በማድረግ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት፤ ውሳኔው የተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። እዚያ ያሉ ወላጆች ከልጆቻቸው የሚጠየቀውን 75 ሰዓት በሚገባ ያውቁታል። ደንቡ ግን ሰዓት በመቁጠር አያበቃም። ተማሪው አስቀድሞ ችግሩን ያጠናል፣ ከዚያ ይሠራል፣ በመጨረሻም ምን እንደ ተማረ ያሰላስላል። ሦስቱ ከሌሉ ቅጽ መሙላት ብቻ ይቀራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር ስቱካስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩትም፣ ተገድደን ነው የሚል ስሜት ያደረባቸው ተማሪዎች ወደፊት በፈቃዳቸው የማገልገል ፍላጎታቸው ይቀንሳል። እኛም የ1967ቱን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ እናስታውሳለን። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በአዋጅ ወደ ገጠር ተላኩ፤ በእውነተኛ ስሜት ያገለገሉ ብዙ ነበሩ፤ ጥለው የተመለሱትም ጥቂት አልነበሩም። ትምህርት ቤት ግዴታ ቢያደርገው እንኳ ምን፣ የት፣ ከማን ጋር የሚለውን ለተማሪው ምርጫ ይተውለት።

ተረት 5፦ «ከትምህርት ጊዜ ይሻማል።»

እውነታ፦ የሚሻማው ከትምህርቱ ሲነጠል ነው። ሐምሌ የተተከሉት ችግኞች በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ ቢቆጠሩ፣ የጸደቁት ከመቶ ስንት እንደሆኑ ማስላት ሒሳብ ነው። የደረቁት ለምን እንደ ደረቁ መመርመር ሳይንስ ነው፤ ያገኙትን ለቀበሌው ጽፎ ማቅረብ ደግሞ ቋንቋ ነው። ማስተማርም ራሱ ትምህርት ነው፤ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በርካታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕድሜ ወላጆቻቸውን የሚያህሉ ሰዎችን ፊደል አስቆጥረዋል። ሰውን ለማስረዳት የሚዘጋጅ ልጅ የሚያውቀውን ደግሞ ይፈትሻል፤ የማያውቀውንም ያገኘዋል።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የወላጅ መምህር ኅብረቱ በመጪው ስብሰባ ሁለት ነገር ይወስን፤ አንደኛ፣ ጽዳት ከቅጣት ዝርዝር ይውጣ፤ ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል በመንፈቁ አንድ የሰፈሩን ችግር ራሱ መርጦ ይሥራበት፣ ሲጨርስም አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት ይነጋገርበት። ወላጅም ማታ ልጁን «ስንት ሰዓት ሞላህ?» ከማለት «ማንን ረዳህ? ምን ጎድሏቸው አየህ?» ብሎ ይጠይቅ። ሰው የጎደለውን ማየት የለመደ ልጅ አድጎ ቀበሌም ሆስፒታልም ቢቀመጥ ባለጉዳይን እንደ ሰው ያስተናግዳል፤ ትምህርት ቤት ሊያፈራልን የሚገባው ዜጋም ይህ ነው።