ጫካ ያበላል? በወላይታ ስለ ዱር ኑሮ የሚነገረውና እውነታው

የቤት ኪራይ በናረ ቁጥር ከተማውን ትቶ ጫካ የመግባት ሐሳብ ይነሳል። ጎጆ ቀልሶ፣ ከምንጭ ቀድቶ፣ ሥር ምሶ መኖር። ከሶዶ ከተማ ቀና ብሎ ዳሞታ ተራራን ለሚያይ ወጣት ነገሩ የግማሽ ቀን መንገድ ይመስለዋል። ቀላል ኑሮ በወላይታ ዱሮም የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነው። ስለ እሱ ከሚነገሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ግን ሰውን ለረሃብ፣ ሌሎቹም ለዕድሜ ልክ ሕመም ይዳርጋሉ።

የመጀመሪያው፣ «ባለቤት የሌለው ጫካ ሞልቷል» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወላይታ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተቆጥሯል፤ ዞኑ በአገሪቱ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ደኑም ቢሆን ራሱን ችሎ የቆመ አይደለም፤ ለምሳሌ በዞኑ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ተራቁቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በወርልድ ቪዥን ድጋፍ የተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር መሬትን መልሶ ደን አለበሰ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ አፈር ውስጥ በሕይወት ከቆየው ጉቶ ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ተመርጠው ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ይገረዛሉ፣ ከብትና መጥረቢያ ይከለከላል። ደኑን የሚጠብቁት የአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ለመንገደኛ «ባዶ ዱር» የሚመስለው ቦታ ባለቤትም ደንብም አለው ማለት ነው።

«ጫካ የገባ አይራብም» ይባላል። አጋም፣ ኮሽም፣ ሾላ በወቅታቸው አሉ፤ ግን ወቅታቸው አጭር ነው፣ እነሱን ብቻ በልቶም ጉልበት አይገኝም። ሥር ቆፍሮ መብላት ደግሞ ዕውቀት ይጠይቃል። ወላይታ ውስጥ በየጓሮው ያለው ጎደሬ እንኳ ጥሬውን ቢቀመስ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ውስጡ መርፌ የሚመስሉ ረቂቅ ክሪስታሎች አሉና በደንብ መቀቀል አለበት። መራራው ካሳቫ ሳይላጥ፣ ሳይዘፈዘፍና ሳይደርቅ ቢበላ ሳያናይድ ይዟልና ይመርዛል። እነዚህ ለትውልድ የተለመዱ ተክሎች ናቸው፤ የማይታወቀውን የዱር ሥር አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1992 አላስካ ውስጥ ክሪስ ማካንድለስ የተባለው ወጣት አሜሪካዊ ብቻውን ዱር ገብቶ፣ በተጣለ አውቶቡስ ውስጥ አስከሬኑ ተገኘ። የገደለው ረሃብ ነው።

ወላይታን ለዘመናት ያቆመው ከዱር የተለቀመ ሳይሆን ከቤቱ ደጃፍ የበቀለ ነው፤ እንሰት። ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፣ የከብት ፍግ ይፈልጋል፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ደጋግሞ ይተከላል። ሴቶች ግንዱን በሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከትፉታል፣ ከዚያ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ቀብረው ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ያብላሉታል። ቆጮ የሚገኘው እንዲህ ነው። ቢላዋው ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ከታመመው ወደ ጤነኛው ተክል የሚዛመተው በመቁረጫ ስለሆነ፣ ስለቱን በእሳት መለብለብ ግድ ነው። ዛሬ መጥቶ ነገ ለሚርበው ሰው እንሰት አይደርስለትም። ቀድሞ ለተከለ ግን ዝናብ ሲጠፋ የሚያቆየው እሱ ነው።

ጎጆውስ? የሣር ቤት የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ተደርጎ ይታሰባል። እንጨቱን የሚያቆመው፣ ቀርከሃውን የሚማግረው፣ ሣሩን የሚከድነው ደቦ ነው፤ ሰው ከተጠራም ምግብና መጠጥ ይቀርባል። ጎረቤት የሌለው ሰው ጎጆም አይኖረውም።

ከሁሉ የከፋው ግን «በባዶ እግር መሄድ ተፈጥሮ ነው፣ ጤና ነው» የሚለው ነው። በባዶ እግር መሄድ ወላይታ ላይ ብዙ ሰው አሰናክሏል። የአካባቢው ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። በውስጡ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳሉ፤ ከዓመታት በኋላ እግር ያብጣል፣ ይጠነክራል፣ ይቆስላል። ይህ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት ነው። ትንኝ አያመጣውም፣ እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከአፈሩ ጋር ያለውን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የወላይታ ጥናት ከ100 ሰዎች ከ5 በላይ የሚሆኑት እንደታመሙ አሳይቷል።

በአንድ ቤተሰብ ሲደጋገም «የዘር ነው» ተብሎ ጋብቻ የተከለከለባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን አረጋግጧል፤ ነገር ግን ተጋላጩም ቢሆን ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን በሳሙና ከታጠበ አይታመምም። ሶዶ ላይ የተመሠረተው የሞሲ ፉት ማኅበር ሥራ ይኸው ነው፤ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰር፣ ጫማ መስጠት። ይህን ያህል ቀላል መድኃኒት እያለ ሰው ከቤተ ክርስቲያንና ከትምህርት ቤት በእፍረት መቅረቱ ያሳዝናል።

ውሃም የራሱ ተረት አለው፤ «የጠራ ምንጭ ንጹሕ ነው»። ጀርም በዓይን አይታይም። የሺፈራው ፍሬ ተፈጭቶ ሲጨመርበት ደፍራሹ ውሃ ይጠራል፤ ይህ እውነት ነው። ጀርሙን ሁሉ ስለማያጠፋ ግን ከዚያም በኋላ ማፍላት ያስፈልጋል።

ቤቱን ትቶ ወደ ዱር የወረደ ሰው በእርግጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ሕዝቡ «ዋዱ» የሚለው፣ መሬት የጠበባቸውን የደጋ ገበሬዎች አበላ በተባለው ቆላ አስፍሯል። መሬቱ ሰፊ ነበር። የጠበቃቸው ግን ደጋ ላይ ብዙም የማያውቁት ወባና፣ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው የቆላ ዝንብ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የደረሰላቸው በሬ፣ ዘር፣ መንገድና አብሮ የወረደ ጎረቤት ነው። ዛሬም ከሶዶ ወደ ብላቴ ወንዝ ወይም ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ወርዶ ጎጆ መቀለስ የሚያስብ ሰው ከቢላዋና ከክብሪት በፊት አጎበር፣ ጫማ፣ ሳሙናና የውሃ ማፍያ ድስት ይያዝ፤ የቦታውን ሽማግሌዎችም አስቀድሞ ያነጋግር።