አንድ ታስክ፣ አንድ ባለቤት
የቡድን ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ትውውቅ

የቡድን ፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር መሠረቱ ታስክ ነው። ታስክ ለአንድ ሰው ሊሰጥ የሚችል፣ ማለቁም በዓይን የሚታይ ሥራ ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ታስክ በማን እጅ እንዳለ፣ መቼ እንደሚጠበቅና የት እንደደረሰ መዝግቦ ለቡድኑ አባላት ሁሉ እኩል ያሳያል። ትሬሎ፣ አሳና፣ ጂራ፣ ኦፕን ፕሮጀክትና ሬድማይን በመልክ ይለያያሉ፤ አንዱን በደንብ ያወቀ ሰው ግን ሌላውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

አሠራሩ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ሥራን ከጊዜ ጋር በአግድም መስመር የሚያሳየው ሰንጠረዥ የአሜሪካዊውን መሐንዲስ የሄንሪ ጋንትን ስም ይዞ ቀርቷል። ሥራን በካርድ እያሳዩ ከደረጃ ወደ ደረጃ ማሳለፍ ደግሞ ካንባን ይባላል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቶዮታ ፋብሪካ ታይቺ ኦኖ ያሳደገው ዘዴ ነው። ጂራ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሶፍትዌር ሠሪዎች ወጣ፤ ትሬሎ በ2011 ካርዱን ለማንኛውም ሠራተኛ የሚሆን ቀላል ሰሌዳ አደረገው። በኢትዮጵያም ካይዘን የተባለውን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስፋፋው የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሥራን ግድግዳ ላይ ለጥፎ መከታተል ለብዙ መሥሪያ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም።

አጠቃቀሙን ለማሳየት ከአረካ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በወላይታ ዞን የምትገኘው አረካ የእንሰት ምርምር ከሚካሄድባቸው የአገሪቱ ዋና ማዕከላት አንዱ የሆነው የግብርና ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት። የእንሰት ችግኝ ማባዛት ብዙ እጅ የሚጠይቅ፣ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የሚበላሽ፣ ውጤቱም ከዓመታት በኋላ የሚታይ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ቡድን በሶፍትዌር ይምራው ቢባል የመጀመሪያው ጥያቄ ታስኩ ምን ተብሎ ይጻፍ የሚለው ነው።

«እንሰት» ወይም «የችግኝ ጉዳይ» ተብሎ የተመዘገበ ታስክ አይሠራም፤ መቼ እንዳለቀም አይታወቅም። «በላይኛው ማሳ ለ40 አሚቾ ጉድጓድ መቆፈር» ተብሎ ሲጻፍ ግን (አሚቾ ከመሬት በታች ያለው የእንሰቱ ክፍል ነው) ለሥራው የተላከው ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል፣ ተቆጣጣሪውም ማሳው ድረስ ሄዶ ቆጥሮ ይመለሳል። ርዕሱ በተግባር ቃል ቢያልቅ ይመረጣል፤ መቆፈር፣ መቁጠር፣ ማስረከብ። ዝርዝሩ ከርዕሱ ሥር ይገባል፦ የጉድጓዱ ጥልቀትና ርቀት፣ የፍግ መጠን፣ የማሳው ፎቶ።

ቀጥሎ ባለቤት ይመደባል። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ብዙ ስም ማስገባት ይፈቅዳሉ፤ ተጠያቂው ግን አንድ ሰው ሲሆን ነው ሥራው የሚሄደው። ለሦስት ሰው የተሰጠ ታስክ እያንዳንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል። ረዳቶቹ የታስኩ ተከታታዮች ሆነው ይመዘገቡና ለውጥ በተደረገ ቁጥር ማሳወቂያ ይደርሳቸዋል።

ሶፍትዌሩ ከወረቀት የሚበልጠው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የእንሰት ችግኝ ሲባዛ አሚቾው ተቆፍሮ ይወጣል፤ ግንዱ ይቆረጣል፤ መካከል ላይ ያለው የእድገት ቡቃያ ተቦርቡሮ ይጣላል፤ ቁስሉ ጥቂት ደረቅ ሲል በአፈርና በፍግ ይቀበራል። ቡቃያው ሳይወጣ የተቀበረ አሚቾ እንደ ልማዱ አንድ ተክል ሆኖ ሊያድግ ይሞክራል፤ ከወጣለት ግን በአሥር የሚቆጠር፣ ሲበዛም ከመቶ የሚያልፍ ችግኝ ዙሪያውን ያበቅላል። ስለዚህ «መቅበር» የሚለው ታስክ «ቡቃያ ማውጣት» ካላለቀ እንዳይጀመር ተደርጎ ይታሰራል። ሶፍትዌሩ ገና ያልተፈታውን ታስክ እንደታገደ ያሳያል፤ የቀደመው ሲዘገይ የተከታዩን ቀንም መግፋት ይቻላል።

አንዳንዱ ጥንቃቄ ራሱን የቻለ ታስክ መሆን አያስፈልገውም፤ በታስኩ ውስጥ የማረጋገጫ ዝርዝር ሆኖ ይገባል። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በተበከለ ቢላዋና ገጀራ ይዛመታል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በሽታ አምጪውን እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ ዓለም ካስተዋወቁት ወዲህ ዋናው መከላከያ ንጽሕና ነው፤ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ መሣሪያውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ። «ገጀራው ታጥቧል» የሚለውን ሳጥን ሳይነካ ታስኩን ማንም እንዳይዘጋው ቡድኑ ደንብ ቢያወጣ አንድ ማሳ ሊድን ይችላል። በሽታውን ዞሮ ማየት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ራሱን የሚደግም ታስክ ተደርጎ ይሞላል።

ታስኩ ከተመዘገበ በኋላ «የሚሠራ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «የተጠናቀቀ» በሚሉ ዓምዶች ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ውይይቱ እዚያው ከታስኩ ሥር ይጻፋል። ብዙ መሥሪያ ቤት ሥራ የሚያከፋፍለው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ሰዉም ለምዶታል። ችግሩ ጠዋት የተላከ ትእዛዝ እስከ ማታ በሰላምታና በፎቶ ተውጦ መገኘቱ ነው። ጥሪው በቴሌግራም ቢሆንም ውሳኔው ታስኩ ሥር ቢሰፍር፣ ባለሙያ ሲዛወር ተተኪው የቀደመውን ሁሉ አንብቦ ይቀጥላል። ለመሰብሰብ ዓመታት በሚፈጅ እንሰት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ችግኙን የቀበረውና ምርቱን የሚመዝነው አንድ ሰው ላይሆን ይችላልና።

የቀን አሞላል ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሶፍትዌሮቹ በአብዛኛው የሚቆጥሩት በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው፤ የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ሐምሌ 1 ለእነርሱ ጁላይ 8 ነው። ሰዓቱ ይብሳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት 3፡00 ብሎ የሞላ ሰው ማስታወሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይደርሰዋል። በወላይታ የዘመን መለወጫው ጊፋታ በመስከረም ይውላል፤ ሶፍትዌሩ ስለማያውቀው በዓሉን አስቀድሞ በካላንደሩ ላይ መዝጋት የአስተባባሪው ፋንታ ነው። በዚያ ሳምንት ላይ የማስረከቢያ ቀን መጣል ታስኩን እያወቁ ማዘግየት ነው።

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ በስልክ የሚሠራ፣ ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ ኋላ የሚልክ መተግበሪያ ይመረጣል። ለትንሽ ቡድን የታወቁት ሶፍትዌሮች ነጻ አገልግሎት ይበቃል። መረጃው ከግቢ እንዳይወጣ የሚፈልግ ተቋም ምንጫቸው ክፍት የሆኑትን ሬድማይንን ወይም ኦፕን ፕሮጀክትን በራሱ ሰርቨር ላይ መጫን ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን መረጃውን በመጠባበቂያ መያዝም የራሱ ሥራ ይሆናል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ቡድኑ ሰሌዳውን አብሮ ያያል። ቀኑ ያለፈበት ታስክ ሦስት ዕድል አለው፤ አዲስ ቀን ይሰጠዋል፣ ለሌላ ሰው ይተላለፋል፣ ወይም ምክንያቱ ተጽፎ ይሰረዛል። ሲያልቅም ውጤቱ በቁጥር ይገባል፦ ስንት አሚቾ ተቀበረ፣ ስንቱ አበቀለ፣ ስንት ችግኝ ተነቀለ። ከዚያ ፕሮጀክቱ በመዝገብ ይቀመጣል፤ ለቀጣዩ ዙር ታስኮቹ ከነቅደም ተከተላቸው ይቀዱና ቀንና ባለቤት ብቻ እንደ አዲስ ይሞላል።